«ምነው ያኔ!» እንዳልል ሥራዬን ልልቀቅ?

የአንባቢያን ጥያቄና የእትዬ መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? በባንክ ብድር ክፍል የኖሩ መሆንዎን ስለማውቅ ጉዳዬ ይገባዎታል ብዬ ነው የምጽፍልዎ። 37 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ እናት ነኝ። በአንድ የግል ባንክ በሒሳብ ሠራተኛነት 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ልቤ ግን ስፌት ላይ ነው። በእናቴ ሲንጀር፣ እግሬ መርገጫው ላይ በደንብ ሳይደርስ ነው የጀመርኩት። አሁንም ማታ ማታ ልጄ ከተኛች በኋላ የሐበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ። ሸማውን ሽሮ ሜዳ ካሉ ሸማኔዎች አሠራለሁ፤ ቅዱና ስፌቱ የእኔ ነው። መጀመሪያ ለጎረቤት፣ ቀጥሎ ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን የማላውቃቸው ሰዎች እየደወሉ የሰርግ ልብስ ያዘዙኝ ጀመር፤ ከአሜሪካ ያዘዙኝም አሉ።

አንዲት ጓደኛዬ ቦሌ አካባቢ ሱቅ አግኝታ «ሥራሽን ልቀቂና አብረን እንክፈት» ትለኛለች። አከራዩ የ6 ወር ኪራይ በቅድሚያ ይፈልጋል። እናቴን ባማክራት «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ብላ ዘጋችኝ። ባለቤቴ «እንደፈለግሽ» ይላል፤ ይህ ፈቃድ ይሁን ቅሬታ አልገባኝም። ከባንኩ የወሰድኩት የሠራተኛ የቤት ብድር አለብኝ። እቁብም ደርሶኝ እየከፈልኩ ነው። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሌላ ነው። ጡረታ ወጥቼ፣ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶኝ፣ «ምነው ያኔ!» ስል ይታየኛል። ይህን ጸጸት ተሸክሜ ከማረጅ ሞክሬ ብከስር አይሻልም?

መርፌና ክር፣ ከጎተራ

መልስ፦ ልጄ፣ ሒሳብ ሠራተኛ ነሽ። በደብዳቤሽ ውስጥ ግን ከዕድሜሽ፣ ከአገልግሎት ዘመንሽና ከኪራዩ 6 ወር በቀር አንድም ቁጥር የለም። አንዱን ቀሚስ በስንት ትሸጫለሽ? ለሸማኔው ስንት ትከፍያለሽ? ጥለቱ፣ ክሩና ገበሩ ሲቀነስ ምን ይተርፍሻል? አንዱ ቀሚስ ስንት ሌሊት ይፈጅብሻል? ለመሥሪያ ቤትሽ በየወሩ ሳንቲም ሳታጎድዪ ሒሳብ የምትዘጊ ሴት፣ የገዛ እጅሽን ሥራ ግን በግምት ይዘሽዋል። እናትሽን ያስፈራትም ይኸው ይመስለኛል። የብብትሽን በብር ታውቂዋለሽ፤ የቆጡን ገና አልመዘንሽውም።

ብድር ክፍል ውስጥ ከሕልም ብዛት የተነሣ ጠረጴዛዬ ላይ ቦታ አልነበረም። አንድ ሰው የአዋጭነት ጥናቱን በሚያብረቀርቅ ወረቀት አስጠርዞ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ የሚያገኘውን ትርፍ በባለቀለም ሥዕል አስደግፎ መጣ። በዚያው ሰሞን ለሆቴሎች እንጀራ የምታቀርብ አንዲት እናት መጣች። ከዘንቢሏ ያወጣችው የተማሪ ደብተር ነው፤ ሽፋኑ ላይ የአብሲት ነጠብጣብ ደርቆበታል። ውስጡን በማስመሪያ ከፋፍላዋለች፤ በግራ የሆቴሉ ስም፣ መሐል ላይ የእንጀራው ብዛት፣ በቀኝ ዱቤው። የተከፈለው ላይ ጭረት አለበት። ጤፍ በተወደደበት ወር ትይዩ፣ ጠርዙ ላይ «ሁለቱን ሆቴል ተውኩ» ብላ ጽፋለች። ለኮሚቴው ይዤ የገባሁት ያንን ደብተር ነው። ብድሯን ከጊዜው ቀድማ ዘጋች። የሰውየው ፋይል በስተመጨረሻ ወደ ሕግ ክፍል ሄደ።

ስለዚህ ዛሬ ማታ የስፌት መኪናሽን አትክፈቺ። ስልክሽን ክፈቺ። ባለፈው ዓመት የተላኩልሽ ትእዛዞች፣ የተቀበልሻቸው ክፍያዎች እዚያው አሉ፤ በወር በወር ለያይተሽ ጻፊያቸው። አንድ ነገር ቶሎ ይታይሻል፤ ኪራይ በየወሩ ይመጣል፣ የሐበሻ ቀሚስ ገዢ ግን በየወሩ አይመጣም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚል ሕዝብ ነን፤ ገናና ጥምቀት፣ የጥር ሰርግ፣ ከፋሲካ በኋላ የሚመጣው የሰርግ ወራት፣ እንቁጣጣሽና መስቀል ጥሩ ናቸው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ኦርቶዶክሱ ሰርግ አይሠርግም። ክረምቱም ጭር ያለ ነው። አከራዩ ግን ጾም መግባቱን ብትነግሪው «እንኳን አደረሰሽ» ብሎ ኪራዩን ይቀበልሻል።

በዚህ ላይ ከውጭ የሚገባውን፣ ጥለቱ በማተሚያ የታተመበትን ርካሽ ቀሚስ አስቢ። ከሩቅ ሲያዩት ይመሳሰላል። ቦሌ ሱቅ ብትከፍቺ ከእሱ ጋር መስታወት ለመስታወት ነው የምትቆሚው፤ አላፊ አግዳሚው የእሱን ዋጋ እየጠራ ነው የሚከራከርሽ። ወደ አንቺ የሚደውሉት ሰዎች ግን ሱቅ ዓይተው አልመጡም፤ የለበሰችውን ሰው ዓይተው ነው የመጡት። ለእነዚህ ሰዎች የሚያስፈልግሽ ጥሩ ብርሃን ያለው አንድ ክፍል፣ ልኬት የሚወሰድበት መጋረጃ፣ የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝም ኦቨርሎክ መኪናና አንዲት ረዳት ናት። የጓደኛሽን ሱቅ ተዪው። ጓደኝነታችሁ ከ6 ወር ኪራይ በላይ ዋጋ ካለው ደግሞ ዛሬውኑ ተዪው።

አሁን እናትሽ ወዳላወቀችው፣ አንቺም በግማሽ ዓረፍተ ነገር ወዳለፍሽው እሾህ ልምጣ፤ የቤት ብድርሽ። ለባንክ ሠራተኛ የሚሰጥ ብድር ወለዱ ዝቅ ያለው ሠራተኛ ስለሆንሽ ነው። በብዙ ባንኮች ውል መሠረት ሥራውን የለቀቀ ሰው ወለዱ ወደ ገበያው ተመን ይወጣበታል፣ ወይም ቀሪውን ዕዳ በአጭር ጊዜ እንዲከፍል ይጠየቃል። ውልሽን ከመሳቢያ አውጥተሽ ይህን አንቀጽ በጣትሽ እየተከተልሽ አንብቢው። አዲሱን ወርኃዊ ክፍያ አስልተሽ ከቀሚሱ ትርፍ አጠገብ አስቀምጪ። ይህን ሳያደርጉ መልቀቂያ አስገብተው፣ በሁለተኛው ወር ደብዳቤ ሲደርሳቸው ክው ያሉ ባልደረቦች አውቃለሁ። ሕልማቸው መጥፎ አልነበረም፤ ወለዱ ነው የበላቸው።

እቁቡም እንደዚያው ነው። ዕጣው ደርሶሻል፤ ቀሪው ዕዳ ነው፣ የፈረመልሽ ዋስም አለ። የመጨረሻውን እቁብ ሳትጥዪ ደሞዝ አትተዪ።

በአንቺ በኩል የሚቆጠርም ነገር አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ5 ዓመት በላይ ያገለገለ ሠራተኛ በገዛ ፈቃዱ ሲለቅ፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ ከሌለበት፣ የስንብት ክፍያ ያገኛል። ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ነው። 11 ዓመት ላገለገለች ሴት ከአራት ወር ደሞዝ ትንሽ ይበልጣል። ባንኩ በወጪው ያሠለጠነሽ ኮርስ ካለ የፈረምሽውን ወረቀት እይ። ማስጠንቀቂያው 30 ቀን ነው። ሰው በንዴት ተነሥቶ በማግሥቱ ሲቀር ይህን ሁሉ ያበላሸዋል።

የዓመት ፈቃድሽም ቀላል አይደለም። አዋጁ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል፤ ያንቺ 21 ደርሷል። ፈቃድሽን ዘመድ ጥየቃ አትጨርሺው። ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምረሽ ውሰጂውና እንደ ሙሉ ቀን ልብስ ሰፊ ሥሪ፤ ጠዋት ተነሥተሽ፣ ከደንበኛ ጋር ተጨቃጭቀሽ፣ ሸማኔው የቀጠረሽን ቀን አሳልፎብሽ፣ ለጥምቀት ዋዜማ ያላለቀ ዝምዝማት ይዘሽ። ሌሊት የሚሠራ ሥራ ሁሉ ደስ ይላል፤ ቀኑን ሌላ ሰው ስለሚከፍልልሽ ነው። ቀን ሲሠራም ከወደድሽው ያንቺ ነው።

ስለ ጸጸቱ ልመልስልሽ። ፍርሃትሽ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ቶማስ ጊሎቪችና ቪክቶሪያ ሜድቬክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያጠኑት ነገር አለ፤ ሰው በቅርብ ጊዜ የሚቆጨው ባደረገው ነገር ነው፣ ዘመኑን ወደ ኋላ ዞሮ ሲያይ ግን ባላደረገው። እኔ ከዚህ ጋር አልጣላም። ግን ያልተከፈተ ሱቅ ኪራይ እንደማይጠየቅበትም እወቂ። በሐሳብሽ ያለው የስፌት ቤት ጾም የለበትም፣ ደንበኛ ልብስ አይመልስበትም፣ ዱቤ አይቀርበትም። ስድሳ ዓመት የሞላት ያቺ ሌሊት የምትታይሽ መነጽራም ሴትዮ የምትቆጨው በዚህ ባልነበረ ቤት ነው። እሷን ለማስደሰት ብለሽ አትልቀቂ። ደብተሩ ሲፈቅድልሽ ልቀቂ።

ደፍረው ስለተነሡ ሰዎች ስናወራ ብዙ ጊዜ ልባቸውን ብቻ እናደንቃለን። የሙዚቃ አሳታሚውን አምኃ እሸቴን ውሰጂ። በንጉሡ ዘመን የሙዚቃ ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ተይዞ ነበር። እሱ ገና ወጣት ሳለ ያንን ክልከላ ጥሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴን አስቀርጾ፣ ሸክላውን ውጭ አገር አሳትሞ አስገባ። እስከ 1975 ድረስ ያሳተማቸው ሸክላዎች ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይፈለጋሉ። እብደት ይመስላል። ሰውየው ግን ከዚያ በፊት ሙዚቃ ቤት ነበረው፤ ማን ምን ዘፈን ብሎ እንደሚጠይቅ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ ሲሰማ ከርሟል። የሚመጣበት የከፋ ነገር ምን እንደሆነም አስቦበታል፤ ቢበዛ መታሰር ነው፣ ለዚህ ብሎ የሚገድለኝ የለም ብሎ ነው የገባበት። የከፋውን በስሙ ጠርቶታል ማለት ነው። አንቺም ያንቺን በብር ጥሪው፤ ስድስት ወር ባይሸጥልኝ የቤቱ ብድር፣ የልጄ ትምህርት ቤት፣ አስቤዛው፣ ይህን ያህል። ይህን ቁጥር ዓይተሽ እንቅልፍ ከወሰደሽ መልቀቂያሽን ጻፊ። በመጪው ጥምቀት በፈቃድሽ ሞክረሽ፣ የሚቀጥለው ጥቅምት ላይ ብታስገቢ የማስጠንቀቂያው ወር አልቆ ለገናው ገበያ ትደርሻለሽ። የካቲት ላይ እንዳትለቂ፤ ደሞዙ ሲቆም ጾሙ ይገባብሻል።

ባልሽን በተመለከተ፦ «እንደፈለግሽ» ያለ ሰው ገና ምንም አልተጠየቀም። ወረቀቱን ፊቱ አስቀምጪና «ቤቱን ብቻህን ስንት ወር ትይዛለህ?» በዪው። ያኔ የሚመልሰው ቁጥር ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ነው። ሙዚቀኛ ካልሆንኩ ብሎ ትምህርቱን ሊያቋርጥ ተነሥቷል። «እምቢ» ብለው ዕድሜ ልኩን ይወቅሰኛል፣ «እሺ» ብለው ነገ ቢወድቅ ደግሞ «ለምን ዝም አልከኝ» ይለኛል። ስንነጋገር ስለ ሙላቱ አስታጥቄ ይተርክልኛል፤ እሱም ምሕንድስና ትቶ ነው አሉ። እውነት ነው?

የተጨነቀ አባት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እውነት ነው። ሙላቱን ቤተሰቡ ወደ ዌልስ የላኩት ምሕንድስና እንዲማር ነበር። አፈወርቅ ተክሌም በልጅነቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር እንግሊዝ ተልኮ ነው ሠዓሊ ሆኖ የተመለሰው። ልጅዎ ሌላም ቢፈልግ አያጣም፤ ይህ ታሪክ ለወጣቶች ስንቅ ሆኗል።

ታሪኩን ግን እስከ መጨረሻው ይተርክልዎ። ሙላቱ ምሕንድስናውን ትቶ ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ ገብቶ ሙዚቃ ተማረ፤ ከዚያ አሜሪካ ተሻግሮ በቦስተኑ በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ሆነ። አፈወርቅም ከማዕድኑ ወጥቶ የለንደኑ ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ። የአፍሪካ አዳራሽን ባለቀለም መስታወት የሠራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሁለቱም ከአንድ ትምህርት ወጥተው ወደ ሌላ፣ ምናልባትም ወደ ከበደ ትምህርት ነው የገቡት። ምሕንድስና ትተው ቤት ተቀምጠው ስልክ ሲነካኩ የኖሩት ደግሞ ስማቸው አይታወቅም፤ ብዙ ናቸው፣ ማንም ታሪካቸውን አይተርክም።

ስለዚህ «ለምን ትተዋለህ?» ብለው አይከራከሩት፤ እዚያ ላይ እሱ ያሸንፍዎታል። «ወዴት ትገባለህ?» ይበሉት። የትኛውን መሣሪያ ይዟል? በቀን ስንት ሰዓት ይለማመዳል? መምህሩ ማነው? ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና አለው፤ ይፈተን። ካለፈ በምሕንድስናው ያሳለፋቸው ዓመታት አያንገብግቡዎ። ካላለፈም ከእርስዎ ጋር ሳይጣላ የሚያውቀው ነገር አገኘ።

አንድ ነገር ላይ ግን ጨክኑ። ከግቢ ዝም ብሎ እንዳይጠፋ። ፎርም ሞልቶ፣ ክሊራንስ ጨርሶ፣ በሕጋዊ መንገድ ያቋርጥ፤ እንዲያ የወጣ ልጅ ተመልሶ ለመግባት መጠየቅ ይችላል። ሹልክ ብሎ የወጣው «ኤፍ» ነው የሚጠብቀው። የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፣ አብረውት ቢሄዱም አያፍርብዎ።

ጥያቄ፦ 63 ዓመቴ ነው። በደርግ ዘመን በሱዳን ወጥቼ፣ በዋሽንግተን ዙሪያ ታክሲ ስነዳ ኖሬ አሁን አርፌያለሁ። በወጣትነቴ በገና መማር ስመኝ ስደት ቀደመኝ። ልጆቼ «አባባ አሁን ጀምር» ይሉኛል። እኔ ግን ጊዜው ያለፈበትን ነገር ማሳደድ ራስን ማቃለል ይመስለኛል። ምን ይላሉ?

ባለታክሲው፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፒያኖ ተጫዋቿን እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ያውቋቸዋል። በወጣትነታቸው ለንደን ሄደው ሙዚቃ የመማር ዕድል ተገኝቶላቸው ሳለ ፈቃድ ተከለከሉ። ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ፤ ወደ አሥር ዓመት ያህል ያለ ፒያኖ ኖሩ። የመጀመሪያው ሸክላቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው፤ አርባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ። 99 ዓመት ሆኗቸው ኢየሩሳሌም እስኪያርፉ ድረስ ከፒያኖው አልተለዩም። እርስዎ ገና 63 ነዎት፤ ደግሞም ኮንሰርት ላይ ይቀመጡ ያለዎት የለም።

ቤትዎ ተቀምጠው ለሚደረድሩት በገና ከልካይም ታዳሚም አያስፈልግም። አሥር አውታር መሆኑ አያስፈራዎ፤ ሁሉም አይደረደሩም፣ ከፊሎቹ የጣት ማሳረፊያ ናቸው። ሲገዙ እንዚራው መኖሩን ይዩ፤ ያ አውታሩ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ ከሌለ የበገናው እዝ የሚል ድምፅ አይወጣም፣ ሰው ደግሞ በገናው ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል። በአካባቢዎ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ዘንድ ሄደው የሚያስተምር መምህር ይጠይቁ፤ ከዐቢይ ጾም በፊት ከጀመሩ ለጾሙ አንዲት መዝሙር ይደርሳሉ። ጥፍርዎን ግን አሁኑኑ ማሳደግ ይጀምሩ።